ከጅማ ወደ ሴኡል፦ ቁምስናዎች ወጣቶቻቸውን ለዓለም ወጣቶች ቀን የሚያዘጋጁበት መመሪያ

ቀጣዩ ዓለም አቀፍ የካቶሊክ ወጣቶች ጉባኤ፣ «የዓለም ወጣቶች ቀን» በመባል የሚታወቀው፣ በደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ በሴኡል ከኦገስት 3 እስከ 8 ቀን 2027 እንዲካሄድ ተወስኗል፤ በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 27 እስከ ነሐሴ 2 ቀን 2019 ዓ.ም. ይውላል። ይህ መመሪያ በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ቁምስናዎች ወጣቶችን ለሚያስተባብሩ ካህናት፣ ደናግልና ምእመናን የተዘጋጀ ነው። የጉዞ ወኪሎች ስለ ትኬትና ስለ ማደሪያ የሚሰጡት ምክር ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ አይበቃም፤ ወጣቱ የሚሄደው ከቁምስናው ተልኮ፣ ለዚያው ቁምስና መልስ ይዞ ለመመለስ ነውና። ስለዚህ ከምርጫው እስከ ቪዛው፣ ከገንዘቡ እስከ ሻንጣው ያለው ዝግጅት ሁሉ ከላኪው መጀመር አለበት። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጉባኤው በአጭሩ

በ1984 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ 3.8 ሜትር ቁመት ያለው የእንጨት መስቀል ለወጣቶች አስረክበው በዓለም ሁሉ እንዲያዞሩት አደራ አሏቸው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 1985ን ዓለም አቀፍ የወጣቶች ዓመት ብሎ ሲሰይም ወጣቶቹ እንደገና ሮም ላይ ተሰበሰቡ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ቀኑ በየዓመቱ እንዲከበር ተወሰነ። በ1986 በየሀገረ ስብከቱ፣ በ1987 ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሮም ውጭ፣ በአርጀንቲና ዋና ከተማ በቦነስ አይረስ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተከበረ። ከዚያ ወዲህ ሁለት መልክ ይዞ ቀጥሏል፤ አንደኛው በጥቂት ዓመታት ልዩነት በአንድ አስተናጋጅ ከተማ የሚደረገው ታላቁ ጉባኤ ሲሆን፣ ሁለተኛው በየዓመቱ በየሀገረ ስብከቱ የሚከበረውና ከ2021 ጀምሮ ከሆሳዕና ወደ ክርስቶስ ንጉሥ በዓል የተዛወረው ነው። አስተባባሪዎች ብዙውን ጊዜ ይህን ሁለተኛውን ይዘነጉታል፤ ይሁንና ለሴኡል የሚሆነው ቡድን የሚገኘው ከእሱ ነው። በየኅዳሩ የሚውለውን ይህን በዓል ከወጣቶቹ ጋር አክብሮ የማያውቅ ቁምስና ድንገት ተጓዦችን ልምረጥ ቢል የወጣቶቹን ስም እንጂ ጠባያቸውንና ጽናታቸውን አያውቅም።

አስተናጋጇን ከተማ አስቀድሞ ማወቅ

ጉባኤው በሄደበት ሁሉ የከተማዋን መልክ ይይዛል። በ1989 የተካሄደበት የስፔኑ ሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ መንፈሳዊ ተጓዦች በእግር ሲጎርፉበት የኖረ ከተማ በመሆኑ፣ ወጣቶቹ የቆየ መንገድ ተከትለው ሄዱ ማለት ይቻላል። በ1991 በፖላንድ ቼንስቶኮቫ ሲደረግ የኮሚኒስት ሥርዓት ገና መፍረሱ ስለ ነበር፣ ከሶቭየት ኅብረት ሳይቀር የመጡ ወጣቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ከምዕራቡ ዓለም እኩዮቻቸው ጎን ቆሙ። በ1993 የተመረጠው የአሜሪካው ዴንቨር ግን ጥንታዊ የንግደት ሥፍራ የሌለበት ዘመናዊ ከተማ ነበርና ብዙዎች ማን ይመጣል ሲሉ ተጠራጥረው ነበር፤ ወጣቶቹ ግን በመቶ ሺዎች ተገኙ። በ1995 በፊሊፒንስ ማኒላ በመዝጊያው ቅዳሴ ላይ የተገኘው ሕዝብ እስከ 5 ሚሊዮን ተገምቷል። በ2013 በብራዚል ሪዮ ዴ ጄኔሮ ለዋዜማው ጸሎትና ለመዝጊያው ቅዳሴ የተዘጋጀው ሜዳ በዝናብ ጭቃ ሆኖ ስለ ነበር፣ ሥነ ሥርዓቱ በመጨረሻዎቹ ቀናት ወደ ኮፓካባና የባሕር ዳርቻ ተዛወረ። አስተባባሪው ከዚህ የመጨረሻው ታሪክ አንድ ነገር ልብ ይበል፤ በእጁ የያዘው መርሐ ግብር በዋዜማው ሊለወጥ ስለሚችል፣ ወጣቶቹ ለውጥን ያለ ማጉረምረም መቀበልን አገር ቤት ሳሉ ይልመዱ።

ሴኡል ከማኒላ ቀጥላ ጉባኤውን የምታስተናግድ ሁለተኛዋ የእስያ ከተማ ናት። አፍሪካ እስካሁን አስተናግዳ አታውቅም፤ በዚህ ጸሐፊ እምነት ይህ ሊሞላ የሚገባው ጉድለት ነው፣ እስኪሞላ ድረስ ግን ረጅሙን መንገድና አድካሚውን የቪዛ ሂደት የሚሸከመው የአፍሪካ ወጣት ነው።

የኮሪያ ቤተክርስቲያን ታሪክ ለጅማ ወጣት ልዩ ትርጉም አለው። እምነቱ ወደዚያች አገር የገባው በሚሲዮናውያን እጅ አይደለም፤ መጻሕፍት አንብበው የተመራመሩ ምእመናን በ1784 ከመካከላቸው ዪ ሱንግ ሁን የተባለውን ቤጂንግ ልከው አስጠመቁት፣ እሱም ተመልሶ ወዳጆቹን አጠመቀ። ከዚያ በኋላ ረጅም ስደት ተከተለ። የመጀመሪያው ኮሪያዊ ካህን ቅዱስ እንድርያስ ኪም ቴጎን በ1846 አንገቱ ተቆርጦ ሰማዕት ሆነ። ያው 1846 አቡነ ጉሊየልሞ ማስያስ፣ በኋላ እስከ ከፋ ድረስ ዘልቀው ያስተማሩት ካፑቺናዊ ሚሲዮናዊ፣ የኦሮሞ ምድር ሐዋርያዊ ቪካር፣ ማለትም በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ስም የሚያስተዳድሩ ጳጳስ፣ ሆነው የተሾሙበት ዓመት ነው። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1984 ሴኡል ድረስ ሄደው እንድርያስ ኪምን ጨምሮ 103 ሰማዕታትን ቅዱሳን ብለው ሲያውጁ፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ደግሞ በኦገስት 2014 በጓንግህዋሙን አደባባይ ሌሎች 124 ሰማዕታትን ብፁዓን ብለዋል። ቡድኑ ይህን ታሪክ ሲያጠና በ1855 በእስር ሳለ ካረፈው ከራሳችን ብፁዕ ገብረ ሚካኤል ሕይወት ጋር ጎን ለጎን ቢያጠናው፣ ሴኡል ላይ የሰማዕታቱን ሥፍራዎች ሲሳለም የሚያየው እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

ሌላም የሚያቀራርብ ነገር አለ። በደቡብ ኮሪያ ካቶሊኮች ከሕዝቡ ከአሥር አንድ ያህል ናቸው፤ ክርስቲያኖች ሁሉ ተደምረውም ከሕዝቡ ግማሹን አይሞሉም። ካቶሊኮች ጥቂት በሆኑባትና ሙስሊሞች በሚበዙባት ጅማ ያደገ ወጣት፣ በቁጥር አንሶ ከጎረቤት ጋር በመከባበር እንዴት እንደሚኖር ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። ካቶሊኮች በሚበዙባቸው በማድሪድ ወይም በክራኮው ያደገ ወጣት ስለዚህ ጉዳይ በመጽሐፍ ካልሆነ አያውቅም። በቡድን ውይይት ላይ «አንተስ ምን ትላለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ የጅማ ልጅ የሚናገረው ያለው በዚህ ላይ ነውና፣ የኢድ ቀን ስለሚላከው ሳህን፣ በለቅሶ ቤት አብሮ ስለ መቀመጥ በአጭሩና በግልጽ መናገርን ከወዲሁ ይለማመድ።

የቃኘው ሻለቃን ታሪክ ሳይሰሙ መሄድም ተገቢ አይሆንም። ከ1951 ጀምሮ በኮሪያ ጦርነት የተዋጉት ኢትዮጵያውያን መታሰቢያ ከሴኡል ሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው በቹንቾን ከተማ ይገኛል። ከዋናው ሳምንት በፊት ተጓዦች በኮሪያ ሀገረ ስብከቶች በየቤተሰቡና በየቁምስናው የሚሰነብቱባቸው ቀናት አሉ፤ ቹንቾን ራሷ የሀገረ ስብከት መቀመጫ ስለሆነች፣ የኢትዮጵያ ቡድን የሚያርፍበት ሥፍራ ሲጠየቅ እሷን በምርጫነት ማቅረብ ብልህነት ነው።

ማን ይሂድ?

አምስት በሚገባ የተዘጋጁ ወጣቶች ከሃያ ችኩሎች ይሻላሉ። ምርጫው በአንድ ሰው እጅ እንዳይወድቅ ቆሞሱ፣ የቁምስናው ምክር ቤትና የወጣቶች ኮሚቴ በጋራ መስፈርት አውጥተው በጽሑፍ ያሳውቁ። ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት በመዘምራን፣ በሕፃናት ትምህርት ወይም በበጎ አድራጎት ያገለገለ፣ ወደ ትምህርቱ ወይም ወደ ሥራው የሚመለስበት ግልጽ ምክንያት ያለውና በሕዝብ ፊት የሚናገር ሰው ይቀድማል። ሴቶችና ወንዶች ይመጣጠኑ፤ ከገጠር ቁምስናዎችም ቦታ ይያዝ፤ ከቡድኑ መካከል እንግሊዝኛ በደንብ የሚናገሩ ሁለት ሰዎች ቢኖሩ ሌላው በመጠኑ ቢናገር አይጎዳም። ዕድሜያቸው 18 ዓመት ያልሞላቸውን መውሰድ የወላጅ ፈቃድንና የሞግዚት ኃላፊነትን ስለሚጨምር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚልክ ቁምስና ቢተወው ይመረጣል።

በምርጫው ላይ ሁለት ፈተናዎች መኖራቸው አይቀርም። የመጀመሪያው በባንክ ብዙ ገንዘብ ያለው ቤተሰብ ልጅ ቪዛ በቀላሉ ያገኛል በሚል እሱን ብቻ መምረጥ ነው፤ ይህ ወጣቶቹን ያስከፋል፣ የጉዞውንም መንፈስ ያበላሻል፤ መፍትሔው ቁምስናዎቹን የሚያስተዳድረው የቪካሪያቱ ጽሕፈት ቤት ወጪውን የሚሸፍነው ማን እንደሆነ የሚገልጽ የዋስትና ደብዳቤ እንዲጽፍ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ከባድ ነው። ከዚህ ቀደም በተካሄዱ ጉባኤዎች ከቡድናቸው ተነጥለው በአስተናጋጁ አገር የቀሩ ተጓዦች መኖራቸው የታወቀ ነው፤ እንዲህ ያለው ድርጊት የሚጎዳው የቀረውን ሰው ብቻ ሳይሆን በሚቀጥለው ጊዜ ለማመልከት የሚመጣውን ሁሉ ነው። ስለዚህ ነገር በሹክሹክታ ከመነጋገር ወላጆችንና ወጣቶቹን አንድ ላይ አስቀምጦ በግልጽ መወያየት ይሻላል። ልቡ ለስደት የተነሣ ወጣት ችግሩ በሌላ መንገድ ሊሰማለት ይገባል፤ የንግደት ጉዞን መሸፈኛ ማድረግ ግን አይፈቀድለትም።

ሰነድና ገንዘብ

ምዝገባው በቡድን የሚከናወን ስለሆነ ቁምስናው በራሱ ከመመዝገቡ በፊት ወደ ጅማ ቦንጋ ሐዋርያዊ ቪካሪያት፣ በእሱም በኩል አዲስ አበባ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተክርስቲያን ጽሕፈት ቤት መቅረብ ይገባዋል። ኢትዮጵያውያን ወደ ደቡብ ኮሪያ ለመግባት ቪዛ ያስፈልጋቸዋል፤ ማመልከቻውም አዲስ አበባ ለሚገኘው የኮሪያ ኤምባሲ ይቀርባል። የግብዣ ደብዳቤ የሚገኘው ከተመዘገቡ በኋላ መሆኑን፣ ደብዳቤውም ቪዛ አለመሆኑን ለወላጆች አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፤ «ግብዣው መጣ» ሲባል ድግስ የደገሰ ቤተሰብ ቪዛው ሲከለከል የሚደርስበት ኀዘን ቀላል አይደለም።

ሰነዶች የሚበላሹት አብዛኛውን ጊዜ በትንንሽ ነገር ነው። የወጣቱ ስም በፓስፖርት፣ በፋይዳ መታወቂያ፣ በትምህርት ማስረጃና በባንክ ደብተር ላይ በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት ሆኖ መጻፉ ይጣራ፤ «ኃይለ» ወይም «ወልደ» የሚል ስም አንዱ ጋ ተያይዞ፣ ሌላው ጋ ተነጥሎ ይጻፋል፤ የክርስትና ስምም በስሕተት ይገባል። የልደት ቀን ከእኛ አቆጣጠር ወደ አውሮፓውያን ሲመለስ በአንድ ቀን ይሁን በአንድ ዓመት የተዛነፈ ካለ፣ ማረሚያው ጊዜ ስለሚወስድ ከሁሉ አስቀድሞ ይታረም። ፓስፖርቱ ከመመለሻው ቀን በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል ቢሆን ይመረጣል።

ገንዘቡን በተመለከተ ወጪው የአውሮፕላን ትኬት፣ የተጓዥ ክፍያ (ማደሪያ፣ ምግብ፣ መድንና የከተማ ትራንስፖርት የሚይዘው)፣ የቪዛ ክፍያ፣ አዲስ አበባ ላይ የሚቆዩባቸው ቀናት ወጪና የኪስ ገንዘብ ተብሎ ተለይቶ ይጻፍ። ወጣቶቹ በመካከላቸው ዕቁብ ቢጥሉ መልካም ነው። በአካባቢያችን እጅ የሚፈታው በቡና ለቀማው ወራት ስለሆነ፣ የቁምስናው መዋጮ በክረምት ከሚለመን በጥቅምትና በታኅሣሥ መካከል ቢሰበሰብ ይቀላል። አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ብር በፊት በወረቀት ሠፍሮ ይፈረም፤ ቪዛ የተከለከለ ወጣት ከከፈለው የትኛው እንደሚመለስለት፣ የትኛው እንደማይመለስ። ይህ ሳይጻፍ የተሰበሰበ ገንዘብ የጎረቤት ጠብ ያመጣል። የውጭ ምንዛሪ ለመግዛት ባንኩ ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ስለሚጠይቅ ይህ የመጨረሻው ሳምንት ሥራ ነው።

ለሙቀቱና ለእግር ጉዞው

በሐምሌ ጅማ ላይ ጃኬት ለብሶ የሚውል ሰው ሴኡል ሲደርስ የሚያገኘው ከ30 ዲግሪ የሚያልፍ እርጥብ ሙቀት ነው። አደጋው ቀላል አይደለም፤ በኦገስት 2023 በደቡብ ኮሪያ ሴማንጉም በተካሄደው የዓለም ስካውቶች ጃምቦሪ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች በሙቀት ታመው ነበር፣ ቀጥሎም ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ስለ መጣ ሰፈሩ ሁሉ ተለቅቆ ወጣቶቹ ወደ ከተሞች ተወሰዱ። በ2011 ማድሪድ ላይም የዋዜማው ጸሎት በከባድ ወጀብ ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ተጓዥ ባርኔጣ፣ ቀላል የዝናብ ልብስ፣ የውሃ መያዣና ጥቂት ፓኬት ኦ.አር.ኤስ. ይያዝ። የራስ ምታትና ማጥወልወል የተሰማው ሰው ጸሎቱን ላቋርጥ አልችልም ብሎ እንዳይታገሥ፣ ወዲያው ለመሪው እንዲናገር አጥብቆ መንገር ያስፈልጋል፤ የእኛ ልጆች ሕመምን ደብቆ መቻልን እንደ ጨዋነት ይቆጥሩታልና።

ቅዳሜ ወደ ዋዜማው ሥፍራ የሚደረገው ጉዞ በእግር ነው፤ ሌሊቱም በሜዳ ላይ ያልፋል፤ በሌሎቹ ቀናትም ብዙው ሰው የሚያድረው በትምህርት ቤትና በቁምስና አዳራሽ ወለል ላይ ነው። ከወራት በፊት ጀምሮ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ረዘም ያለ የቅዳሜ የእግር ጉዞ ማድረግ፣ በዚያው በሚጓዙበት ጫማ መለማመድ፣ አንድ ሌሊት በቁምስናው አዳራሽ ወለል ላይ አብሮ ማደር ከብዙ ማሳሰቢያ የበለጠ ያስተምራል። የስልክ ቻርጀር አያሳስብም፤ የኮሪያ መብራት እንደ እኛው 220 ቮልት፣ ሶኬቱም ባለ ሁለት ክብ ቀዳዳ ነው። ቡናን በተመለከተ የጅማ ቡድን ጀበናና ሲኒ ይዞ ቢሄድ ያምርበታል፤ ነገር ግን በሰው አዳራሽ ውስጥ ከሰል ማቀጣጠልና ቡና መቁላት የጭስ ማስጠንቀቂያውን ያስጮኻል፣ ስለዚህ ቡናው ተቆልቶና ተፈጭቶ ይሂድ፤ የሚፈቀደውን መጠንም አስቀድሞ ከጉምሩክ ይጠይቁ።

ከጅማ አዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው። በሐምሌ ዝናብና ጉም በአየርም በመኪናም መንገደኛን ሊያዘገይ ስለሚችል፣ በአባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያም ሆነ በጊቤ በኩል በመኪና ቢሄዱ፣ ከዓለም አቀፉ በረራ ሁለት ቀን ቀድሞ አዲስ አበባ መግባት ይገባል።

በሴኡል ሳምንት

የጉባኤው መሪ ቃል ከዮሐንስ ወንጌል 16፥33 የተወሰደው «አይዞአችሁ፤ እኔ ዓለምን አሸንፌዋለሁ» የሚለው ነው። እንደ ልማዱ ማክሰኞ በመክፈቻ ቅዳሴ ይጀመራል፤ በመካከል ባሉት ቀናት ትምህርተ ክርስቶስ፣ ምሥጢረ ንስሐ፣ የርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ አቀባበልና ፍኖተ መስቀል ይደረጋሉ፤ ቅዳሜ ማታ የዋዜማ ጸሎት፣ እሑድ የመዝጊያ ቅዳሴ ይሆናል። ትምህርቱ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ላይሰጥ ስለሚችል፣ ቡድኑ ማታ ማታ ተሰብስቦ የሰማውን በራሱ ቋንቋ የሚነጋገርበት ግማሽ ሰዓት ይመድብ።

የጾሙ ጉዳይ ከወዲሁ መልስ ይፈልጋል። ቅዳሜ ኦገስት 7 የሚውለው ነሐሴ 1 ቀን፣ ማለትም በፍልሰታ መግቢያ ነው። የተዘጋጀ ምግብ በሚታደልበት ሜዳ የጾም ምግብ መምረጥ ላይቻል ስለሚችል፣ ጿሚዎቹ እንዴት እንደሚሆኑ ከመነሣታቸው በፊት ከአባቶች ቃል ይቀበሉ፤ እዚያ ደርሶ አንዱ ሲበላ ሌላው ሲታቀብ የሚፈጠረው መተያየት ቡድኑን ይከፋፍላል።

ለመንገድ የአገሬው ሰው የሚጠቀምባቸው ናቨር ማፕና ካካኦ ማፕ በስልክ ላይ ይጫኑ፤ ፖሊስ በ112፣ አምቡላንስ በ119 ይጠራል። ስለ ሰዓት ደግሞ የሚያስገርም መገጣጠም አለ፤ ሴኡል ከእኛ በስድስት ሰዓት ስለምትቀድም፣ በሐበሻ አቆጣጠር የተሞላ ባለ ቆጣሪ የእጅ ሰዓት እዚያ ሳይነካ ትክክለኛውን ያሳያል፤ በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን ሴኡል ላይ በእነሱ አቆጣጠር ከጠዋቱ 9 ሰዓት ነው። ስልክ ግን ራሱን ስለሚያስተካክል የቀጠሮ ሰዓት በስልኩ ይሁን።

በጅማ ለሚቀሩት

የሚሄዱት ጥቂቶች ስለሆኑ ለሚቀሩት የሚደረገው ዝግጅት ከዚህ ያነሰ ትኩረት ሊሰጠው አይገባም። እያንዳንዱ ተጓዥ በቁምስናው ካሉ ወጣቶች የጸሎት አሳብ በወረቀት ተቀብሎ ይሂድ፤ ሲመለስም በተመደቡለት ቁምስናዎች እየዞረ ያየውን የሚናገርበት ቀን ከመሄዱ በፊት ተቆርጦ በቅዳሴ መጨረሻ ይነገር። የገንዘቡ ሒሳብም በዚያው ዕለት በምእመናኑ ፊት ይቅረብ።

የመዝጊያው ቅዳሴ በሴኡል ጠዋት ስለሚሆን ለእኛ ሌሊት ነው፤ እሱን በቀጥታ መከታተል ለጥቂቶች ካልሆነ አይመችም። የቅዳሜው የዋዜማ ጸሎት ግን በእነሱ አቆጣጠር ከምሽቱ 8 ሰዓት ላይ ቢጀመር በጅማ ከቀኑ 8 ሰዓት ስለሆነ፣ ወጣቶቹን ሁሉ በቁምስናው አዳራሽ ሰብስቦ በስክሪን መከታተል ይቻላል። ለዚህም አዳራሹ ለነሐሴ 1 ቀን 2019 ዓ.ም. ከወዲሁ ይያዝ፤ በክረምት መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ጄኔሬተር፣ በኢንተርኔት ላይ ብቻ ላለመተማመንም የሳተላይት መቀበያ ይዘጋጅ፤ ሁለቱም በዋዜማው ዓርብ ተሞክረው ይደሩ።